ለጌታ ብቻ የተነገረ ምስጢር

ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ ያልለመኑት ጸሎተኛ አይጠፋም። ፋብሪካ ግባ፣ ሆስፒታል ግባ፣ ጋራዥ ግባ፤ አለቃው ሊጠፋ ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ጸሎተኛው ግን በቦታው አለ። ራሴን አመመኝ ካልከው አስፕሪን አይሰጥህም፤ ዓይኑን ይጨፍንልሃል። ከሚስትህ ተጣልተህ ከመጣህ ገና ከበሩ ያውቅብሃል። ስትሳደብ ቢሰማህ አይቆጣም፤ «ጌታ ይባርክህ» ይልሃል፣ የጀመርከውም ስድብ አፍህ ውስጥ ይበላሻል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር የሚውል ሰው በሰላም መናደድ እንኳ አይችልም።

የእኛዋ እህት ኧርሊን ትባላለች። እኛ የምንኖረው ሰሜን ሚሲሲፒ ነው፤ ሶፋ እንሠራለን። ድሮ በዚህ አካባቢ የሶፋ ፋብሪካ በየመንገዱ ነበር። አንድ በአንድ ተዘጋና የእኛው ቀረ፤ እኛም የእኛ ተራ መቼ ይሆን እያልን እንሠራለን። ክረምቱ ዝናብ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ከሥሩ ባልዲ እናስቀምጣለን፣ ባልዲው ሲሞላ የሚደፋው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ መገመት አያቅታችሁም።

ክብርት እህት ኧርሊንን በወጉ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ግን ዕድሜ ልኬን አብሬያት የጨርቅ ብናኝ የቃምኩ ሰው ስለሆንኩ አንቺ እላታለሁ። በእኛ አገር «ጌታ ይባርክህ» ማለት ብዙ ጊዜ «ምን ዓይነት ደደብ ነህ» ማለት ነው። ኧርሊን ግን ከልቧ ነው የምትለው፤ ችግሩም ይኼው ነው።

ቦታዋ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። ደረቷ ደካማ ስለሆነ ወንበር ያለው ሥራ ተሰጥቷታል። ያለቀውን ሶፋ ትፈትሻለች፣ የተንጠለጠለ ክር ካለ ትቆርጣለች፣ ስፌቱን በጣቷ ትዳስሳለች። ከዚያ እጇን መደገፊያው ላይ ታሳርፍና ለሚቀመጥበት ሰው ትጸልያለች። ለእያንዳንዱ ሶፋ። ሮይስን፣ አለቃችንን፣ የሚያሳብደው ይኼ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጌታ ሶፋ አላዘዘም፤ ልቀቂው ይሂድ» ይላታል።

«ያዘዘውን ሰው ግን ያውቀዋል።»

«ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው?»

«የሚተኛበት ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው። ሥራ አጥቶ የሚተኛበት አለ ሮይስ። ከሚስቱ ተጣልቶ የሚተኛበትም አለ።»

ሮይስ ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ። በዚያ ሰሞን ሚስቱ ዋንዳ መኝታ ቤት እንደማታስገባው ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ሎኒ ደግሞ አለላችሁ። ጨርቁን በስቴፕለር ሽጉጥ እንጨቱ ላይ የሚመታው እሱ ነው፤ እጁ እንደ አፉ ፈጣን ነው። ኧርሊንን ሳያናድድ እንዳይሞት የተሳለ ይመስለኛል። «ነቢይቷ» ይላታል። ምሳዋን ይደብቃል። መዝሙሯን በፍየል ድምፅ ይዘምርባታል። አንድ ቀን ወንበሯ ላይ ሙጫ ቀባ። ስትነሳ ቀሚሷ ከኋላ ተቀደደ። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ማንም አልሳቀም። ዞር ብላ ቀዳዳውን አየችና «ይኼን እንኳ ለፋሲካ ነበር የሰፋሁት» አለች፤ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ሥራዋን ቀጠለች። በማግስቱ ለሎኒ በትልቅ ሳህን የሙዝ ፑዲንግ የሚባለውን ጣፋጭ ይዛለት መጣች።

«መርዝ አለው?» አላት።

«ሙዝ ነው ያለው።»

በላው። በልቶ ሲጨርስ ማንኪያውን ይዞ እየተለማመጠ «እህት ኧርሊን፣ እስቲ አንዴ ብቻ ተናደጂ፤ ለእኔ ስትዪ» አላት።

«እናደዳለሁ እኮ ሎኒ። ቤቴ ሄጄ ነው የምናደደው።»

«ቤትሽ ሄደሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሣር አጭዳለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በደጇ ሳልፍ ሣሩ ተላጭቶ ባየሁ ቁጥር ሎኒ ምን አድርጓት ይሆን እላለሁ። በከተማችን እንደ እሷ የተላጨ ግቢ ያለው የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጸሎተኛ ሴትን እጨምርበታለሁ።

እንግዲህ ወደ እኔ ልምጣ። ዶይል እባላለሁ። ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። ጨርቁ በረዥም ጠረጴዛ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል፣ በኤሌክትሪክ ቢላ በመስመሩ ላይ ትነዳዋለህ። ቢላው ጨርቅና ጣት አይለይም። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ በሕይወቴ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ያ መስመር ብቻ ነበር። ባለፈው መኸር ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለኝ፤ እንደማይድንም አልደበቀኝም። እጄን የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ መሄድ ለመድኩ። ቢላውን ስይዝ በግራዬ ደግፌ እጫነዋለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሮይስ ካወቀ ከቢላው እነሳለሁ፤ ከቢላው ከተነሳሁ ሌላ ሥራ የለኝም፤ ሥራ ከሌለኝ ኢንሹራንሱ ይሄዳል፣ መድኃኒቱም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልፈልግም ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ፣ ከሚንቀጠቀጥ እጅ ጋር፣ ብቻዬን።

ያወቀችብኝ ኧርሊን ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ሻዬን ስደፋ አየችኝ። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገችና ፊቴን አየች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት።

«እጸልይልሃለሁ ወንድም ዶይል።»

«ለማንም አልኩሽ እኮ።»

«ለማንም። ለጌታ ብቻ ነው የምነግረው።»

አመንኳት። ይህች ሴት ዋሽታ አታውቅም፤ ሮይስ ከስቻለሁ ብሎ ሲኩራራ እንኳ ሆዱን አይታ «ጨምረሃል» ያለችው እሷ ናት። የአንድ ሰው ቃል የምይዝ ከሆነ የእሷን ነው የምይዘው ብዬ ሻዬን ደግሜ ቀዳሁ፤ በግራ እጄ።

ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። አንዲት ጎረቤቴ በብረት ምጣድ የበቆሎ ዳቦ ይዛ ቆማለች። ሰጥታኝ፣ ክንዴን ጨብጣ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ በአይብ የተጋገረ ዱባ አመጡ። ከዚያ ዶሮ በሩዝ መጣ። ከዚያ ፎሶሊያ። ሁሉም የመጋገሪያ ሳህን ከሥሩ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በልተህ ስትጨርስ እንድትመልስ። እንዲህ ያለ ሳህን በእኛ ከተማ ወደ ቤት የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። ባለቤቴ የሞተች ሳምንት ጠረጴዛው ሞልቶ ወንበር ላይ ደርድሬው ነበር። ስለዚህ አጥብቄ አሰብኩ፤ ማን ሞተብኝ? የቀረኝ ዘመድ የለም። በቤቱ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የመጨረሻዋ ዋንዳ ነበረች፣ የሮይስ ሚስት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስለ እጅህ ሰማን ዶይል።»

«ከማን?»

«ትናንት የረቡዕ ጸሎት ላይ እህት ኧርሊን ጸልያልህ ነው። አይ ጸሎት፤ ብትሰማው። ‹ጌታ ሆይ፣ ዶይል ቢላውን ሲይዝ እጁን አንተ ያዝለት፣ ሮይስ እንዳያይበት አንተ ሸፍነው› ስትል ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ አለቀሰ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሳህኑን ተቀበልኳት፤ ሌላ ምን ላደርግ? ያን ምሽት ዱባውን ቆሜ በላሁት። ገና ሳልሞት ተዝካሬን እየበላሁ ነው አልኩ ለራሴ። አላሳቀኝም።

በማግስቱ ምሳ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«ለማንም አልነግርም ብለሽኝ አልነበረም?»

ግራ ገባት። «ለማንም አልተናገርኩም።»

«ረቡዕ ምን ብለሽ ጸለይሽ?»

«እሱማ...» አለች፤ ከዚያ ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። «እሱማ ለጌታ ነው የነገርኩት።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰው ፊት?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለች።

ሎኒ ሳቀ። ብቻውን መሆኑን ሲያይ አቆመ። እኔ ደግሞ ያናደደኝ እውነቷን መሆኗ ነው። ሌላ ሰው ጉባኤ ፊት ሲጸልይ በአንድ ዓይኑ ምእመኑን ያያል፤ ቃል ይመርጣል፣ ድምፅ ያሳምራል። ይህች ሴት ግን ዓይኗን ስትጨፍን በቤቱ ውስጥ ከአንድ በቀር ማንም እንዳለ አታውቅም። ቃሏን ጠብቃ ነው ያጠፋችኝ።

ተነሳች። ሰበብ አልፈለገችም፣ በቅን ልቤ ነው አላለችም። «በድዬሃለሁ ወንድም ዶይል። ይቅር በለኝ» አለች፤ ሁሉም እየሰማ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስሜን በአፍሽ እንዳታነሺ» አልኳት። «ለሰውም፣ ለጌታም።»

«እሺ» አለች።

ከምሳ በኋላ ሮይስ ጠራኝ። ደግ ሰው ነው አይባልም፤ ያን ቀን ግን መሬት መሬቱን እያየ ነበር የሚያናግረኝ።

«ዋንዳ የነገረችኝን ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አንዴ ሰማሁ። ያ ቢላ እጅህን ቢበላው ምን ብዬ እኖራለሁ?»

«ሌላ ቦታ ስጠኛ።»

«ያለኝ ክፍት ቦታ ትራስ መሙያው ክፍል ብቻ ነው። ከረጢቱን በሁለት እጅህ አጥብቀህ መያዝ አለብህ፤ ትችላለህ?»

እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን። ሰኞ ላይ መጥቼ ዕቃዬን እንድወስድ ነገረኝ። ቅዳሜና እሁድን በሰው ሳህን መሐል ተቀምጬ አሳለፍኩ። ዝናቡ አላቆመም። ሰዎች በሬን ብዙ ጊዜ አንኳኩ፤ አልከፈትኩም።

ሰኞ ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ ሮይስ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «መስመሩ መጨረሻ ሄደህ ተቀመጥ። ከዛሬ ጀምሮ ፈታሽ ነህ» አለኝ።

«ኧርሊንስ?»

«ትራስ መሙያው ገብታለች። ራሷ ጠይቃ ነው። እምቢ ብላት ደጅህን አልለቅም አለች፤ ሴትዮዋን ታውቃታለህ።»

ትራስ መሙያው ክፍል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ማሽኑ የተነደፈ ጥጥ መሳይ ነገር ከረጢት ውስጥ ይነፋል። ግማሹ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ አየሩ ውስጥ ይቀራል። ጎረምሳው እንኳ እዚያ ሲሠራ ውሎ ሲወጣ ነጭ ይተፋል። ደረቷ የማይችለውን ቦታ ለእኔ ስትል ገባችበት።

አመሰግናለሁ አላልኳትም። ዕዳዋን ነው የከፈለችው ብዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ክር እየቆረጥኩ፣ ስፌት እየዳሰስኩ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥም ሶፋው ምን ገዶት፣ ሳምንቱ ሳምንትን ወለደ። በር ላይ ስንገናኝ አንገቴን አዞራለሁ። እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። ስሜን አልጠራችም። ሰው እንደነገረኝ ረቡዕም ቢሆን አፏ ላይ አላመጣችውም፤ እጇን አጣጥፋ ዝም ብላ ተቀምጣ ትወጣለች አሉ። ከግድግዳው ወዲያ ግን ሳሏን እሰማዋለሁ። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ይመጣል፤ ደረቅ፣ ረዥም፣ የሚያሳፍር ሳል። የሚያሳፍረው እኔን ነው።

አንድ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ታገልኩ፤ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ አሽቀንጥሬ ጣልኩትና በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ለብሼ ሥራ ገባሁ። ያን ቀን ሳሏ ሲጀምር መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ ትራስ መሙያው ክፍል ገባሁ። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ትከሻዋ ሁሉ ብናኝ ለብሷል። ስታየኝ ማሽኑን አጠፋችው።

«ወደ ቦታሽ ተመለሺ» አልኳት።

«አይሆንም።»

«ይህን ሳል ይዘሽ ትሞቺያለሽ።»

«አንተ ከሥራ ወጥተህ ከምትሞት እኔ ሥራ ላይ ብስል ይሻለኛል።»

«ለሮይስ እነግረዋለሁ።»

«ንገረው። በሮይስ ላይ ጸልዬ ጨርሻለሁ።»

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ «አንድ ነገር ልለምንህ» አለች። «ልጸልይልህ ፍቀድልኝ። የሰው ስም የራሱ ነውና አልነካሁትም። ግን ከብዶኛል።»

«ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው? አይድንም እኮ።»

«አንተ ንገረኛ። ምን ልበልልህ?»

ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ስለ ሸሚዙ ነገርኳት። ዛሬ ቁልፉ እንዳቃተኝ፣ ነገ ጫማዬ እንደሚሆን፣ ከዚያ ማንኪያዬ። ባለቤቴ ብትኖር ሳልጠይቃት ትቆልፍልኝ እንደነበር። መሞቱን አልፈራውም፤ ሸሚዜን የሚቆልፍልኝ ሰው ሳይኖር መኖሩን ነው የምፈራው አልኳት። ሴት ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ አለቀስኩ።

ዓይኗን ገለጠች።

«ይኼን ለጌታ አልነግረውም» አለች።

«ምን?»

«እሱ ያውቀዋል። ይኼ ለሰው የሚነገር ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንድናገር ትፈቅዳለህ? ካልፈቀድክ አልናገርም። በዚህ ጊዜ ዓይኔ ክፍት ነው።»

ያለኝ ሁሉ ያቺ ኩራት ብቻ ነበረች፤ እሷን ከሰጠሁ ምን ይቀረኛል?

«ተናገሪ» አልኳት።

እጄ አልዳነም። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ስትሰሙ መጨረሻው ላይ እጅ ይድናል ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ፤ አሁን ግራውም ጀምሯል። ፋብሪካው እስከ በጋ ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ የለም። ከምሳ በኋላ ሎኒ ትራስ መሙያው ይገባላትና ኧርሊን እኔ አጠገብ መጥታ ትቀመጣለች፤ ሳሉ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። ሶፋው ሲያልፍ እጇን ታሳርፋለች፣ እኔም እስክትጨርስ ሰዓት እያየሁ እጠብቃታለሁ። ሴትዮዋ ታደክማለች። ያለፈችበት ቦታ ሁሉ የሰው ሆድ እንደ ተከፈተ ነው የሚቀረው። ከባለቤቴ በኋላ በዚህ ምድር ላይ እንደ እሷ የምወደው ሰው የለኝም፤ ብነግራት ለማን እንደምትናገረው ስለማላውቅ አልነገርኳትም።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ «ተናገሪ» ባልኳት ማግስት ነበር። ገና ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ደግሞ ማን ሳህን ይዞ መጣ ብዬ ከፈትኩ። ሎኒ ነው። ዝናብ ከኮፍያው ጫፍ ይንጠባጠባል። ባዶ እጁን ነው።

«ምን ፈለግህ?» አልኩት።

«ሸሚዝህን አምጣ።»

«ሎኒ...»

«አምጣ አልኩህ፣ ይረፍድብናል። ለሰው ካወራህ ደግሞ አፍህን በስቴፕለር ነው የምመታው።»

ለበስኩት። ፊቴ ቆመና ከታች ጀምሮ ይቆልፍ ጀመር። ስቴፕለር የለመደው ያ ወፍራም ጣት ቁልፏን እያመለጠው ሲሳደብ፣ ትንፋሹ ትንባሆ ትንባሆ ሲሸተኝ፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። አንገቴ ላይ ሲደርስ አንድ ቁልፍ ተረፈ፤ ቀዳዳው አልቋል። ከታች አዛንፎ ነው የጀመረው። አየው፤ እኔም አየሁት።

«በቃ ጨርሻለሁ» አለኝ። «ነገም እመጣለሁ።»

እንደዚያው አዛንፌ ለብሼው ሥራ ገባሁ።